ድረ ገጻችን የት ነው የሚያድረው?



በኮምፒውተር ትምህርት ሰዓት የተማሪዎችን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ስለማውጣት እየተነጋገርን ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ድረ ገጽ ግን የት ነው ያለው? መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። አንዱ «ሳተላይት ላይ ነዋ!» አለ፤ ሌላው «ስልክሽ ውስጥ ነው» ብሎ መለሰላት። እኛ ግን አልሳቅንም። ይህንን ጥያቄ ከዓመታት በፊት እኛው ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ፈልገን ያጣናቸው ጽሑፎች በእጃችን ይኖሩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ የተማሪዎቻችንን ድርሰቶች፣ የትምህርት ማስታወሻዎችንና የቆዩ ዕትሞችን ሰብስቦ ድረ ገጽ ሠራልን። በጣም ደስ አለን። አድራሻውን የገዛው በራሱ ስም ነው፤ የከፈለው በራሱ ካርድ ነው፤ ያስመዘገበውም በራሱ ኢሜይል ነው። በኋላ ሦስተኛ አገር ዕድል ወጣለትና ሄደ። የክፍያው ማሳሰቢያ ሁሉ እሱ መክፈት ወደተወው አሮጌ ኢሜይል ይላክ ነበር። አንድ ቀን ገጻችንን ስንከፍት የማናውቀው የንግድ ማስታወቂያ ወጣብን። ሰውየውን አንወቅሰውም፤ እሱ ባይኖር መጀመሪያውኑ ድረ ገጽ የሚባል ነገር አይኖረንም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሳንጠይቅ ዕቃችንን አስገባን።

አሁን አዲስ ድረ ገጽ ለመክፈት አስበናል። ከመክፈታችን በፊት ግን ስለ ድረ ገጽ ማደሪያ፣ ማለትም በተለምዶ «ሆስቲንግ» ስለሚባለው ነገር፣ ታሪኩን ከሥሩ ማወቅ ይበጃል ብለን ይህን አዘጋጅተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰው በር የሚያልፍ ደብዳቤ

የራስን ቃል በሌላ ሰው ቤት አድርጎ መላክ ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። እኛ የምንኖርባት የጅቡቲ ከተማ ይህንን ከመቶ ዓመት በላይ ታውቀዋለች። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ውስጥ ታተሙ፤ ከፊሎቹ ላይ የዐፄ ምኒልክ ምስል ነበረባቸው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ የሀገሩ ቴምብር ብቻ ባሕር አያሻግረውም ነበር። በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቱ ቴምብር ይጨመርበታል። ቃሉ የላኪው ነው፤ መንገዱ ግን የሌላ ነው።

ባቡሩም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ለገሃር» ሲል የሚጠራው የባቡር ጣቢያ ስሙ ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሆል ሆል ያላችሁ ተማሪዎችም የምታዩት ትልቁ አሮጌ የባቡር ድልድይ የዚያው መስመር አካል ነው። ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። የኢትዮጵያ ዕቃም ወሬም በዚህች በር ይወጣና ይገባ ጀመር።

ይህን ያነሳነው ለታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በደብዳቤም፣ በባቡርም፣ በድረ ገጽም የሚጠየቁት ጥያቄዎች ያው ናቸው፦ መንገዱ የማን ነው? ዕቃው የሚያድርበት መጋዘን የማን ነው? የባለቤቱ ስም መዝገብ ላይ የተጻፈውስ በማን ስም ነው? እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ ኢንተርኔት እንሻገር።

«እንዳታጠፉት» የተባለው ኮምፒውተር

በ1990 መጨረሻ ላይ ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ስዊዘርላንድ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ የዓለምን የመጀመሪያ ድረ ገጽ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ ኔክስት የሚባል ጥቁር ማሽን ነበር። በርነርስ ሊ በቀይ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ማሽኑ ላይ ለጠፈበት፤ መልእክቱም ይህ ማሽን ሰርቨር ስለሆነ እንዳታጠፉት የሚል ነው። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ወይም አንድ የሥራ ባልደረባ መብራት ለመቆጠብ ብሎ ቁልፉን ቢጫነው፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ዌብ በሙሉ ይጠፋ ነበር ማለት ነው!

እንግዲህ ለተማሪያችን የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ድረ ገጽ አየር ላይ አይንሳፈፍም። አንድ የታወቀ ቦታ፣ አንድ የታወቀ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። ያ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል፤ ሥራውም ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ «ያንን ገጽ ስጠኝ» ሲለው አውጥቶ መስጠት ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ መጽሐፍ ስትጠይቁ ሠራተኛው ከመደርደሪያ አውርዶ እንደሚሰጣችሁ ቁጠሩት። ሠራተኛው ከሌለ መጽሐፉ ቢኖርም አታገኙትም። ስለዚህ ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ሰርቨሩ መብራት ካጣ ገጹም የለም።

ታዲያ ለምን ራሳችን ቤት ሰርቨር አናስቀምጥም? በሕግም በቴክኒክም ይቻላል። ነገር ግን ሰርቨር ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ መብራት ይፈልጋል፤ የማይቆራረጥ መስመር ይፈልጋል፤ ሲሠራ ስለሚግል ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የጅቡቲን በጋ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሀምሲን በሚነፍስበት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰውም ማሽንም ይዝላል። የጅቡቲ መብራት ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ቢደገፍም፣ አንዲት ኮምፒውተር ይዞ 24 ሰዓት ማሠራት ለእኛ አቅም አይሆንም። በዚህ ምክንያት ነው በዓለም ላይ አብዛኛው ባለ ድረ ገጽ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ቦታ የሚከራየው። ሆስቲንግ ማለት ይኼው ኪራይ ነው።

ስም በየዓመቱ የሚከፈልበት ነገር ሲሆን

ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ መለያ ቁጥር አለው። ሰው ግን ቁጥር ይረሳል፤ ስም ይሻለዋል። በ1970ዎቹ፣ ኮምፒውተሮቹ በጣት የሚቆጠሩ በነበሩበት ዘመን፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ውስጥ በኤልሳቤጥ ፋይንለር የሚመራ ቡድን የሁሉንም ስምና ቁጥር በአንድ ዝርዝር ይይዝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው እነርሱን አስፈቅዶ ይመዘገባል፤ ሌሎቹ ዝርዝሩን ይቀዳሉ። እንደ አንድ ትምህርት ቤት ሮስተር ማለት ነው። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ግን አንድ ሮስተር አልበቃ አለ። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ሥራውን ለብዙ መዝገብ ቤቶች የሚያከፋፍል ዘዴ ነደፈ። ዛሬም የምንጠቀመው የዶሜይን ሥርዓት የሚባለው ይኸው ነው።

በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ሀገር የራሱ ማሳረጊያ አለው። የኢትዮጵያው «ነጥብ ኢቲ» በ1995፣ የጅቡቲው «ነጥብ ዲጄ» በ1996 ተመደቡ። የጅቡቲው ማሳረጊያ ሙዚቃ ለሚያጫውቱ ዲጄዎች ስለተመቸ፣ ጅቡቲን በካርታ ላይ የማያገኟት ሰዎች ሁሉ ይገዙታል። እንደ «ነጥብ ኮም» እና «ነጥብ ኦርግ» ያሉት ደግሞ የማንም ሀገር ያልሆኑ የጋራ ማሳረጊያዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ስሙና ማደሪያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስም የምንገዛው ከስም መዝጋቢ ድርጅት ነው፤ ማደሪያ የምንከራየው ከሆስቲንግ ድርጅት ነው። ሁለቱን አንድ ድርጅት ሊሸጥልን ይችላል፤ ይህ ግን አንድ ነገር አያደርጋቸውም። ስሙ በእጃችን ካለ፣ አከራዩ ቢያስቀይመን ዕቃችንን ጭነን ሌላ ቤት እንገባለን፤ እንግዶቻችንም በዚያው ስም ያገኙናል። ስሙ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን ቤት ብንቀይርም ማንም አያገኘንም።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የኢንተርኔት ስም ግን እንደዚያ አይደለም፤ የሚውለው ኪራዩ እስከተከፈለ ድረስ ብቻ ነው። ስም «ገዛን» እንላለን እንጂ በእውነቱ የምንከራየው በዓመት ነው፤ ቢበዛ እስከ 10 ዓመት በአንዴ መክፈል ይቻላል። በጋራዎቹ ማሳረጊያዎች ደንብ መሠረት መዝጋቢው ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሁለተኛ ጊዜ፣ ካለቀ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ ሌላ ማሳሰቢያ መላክ አለበት። የሚላከው ግን በተመዘገበው ኢሜይል ነው! ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት የምሕረት ቀናት ይሰጣሉ። ስሙ ሲሰረዝ ደግሞ 30 ቀን በከፍተኛ ክፍያ የማስመለሻ ጊዜ አለ። ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ለማንም ለሚፈልግ ይለቀቃል። የእኛ ስም በዚህ መንገድ አንድ በአንድ አልፎ ሌላ ሰው እጅ ገባ። ማሳሰቢያው ሁሉ ተልኳል፤ የሚያነበው ግን አልነበረም።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ

በዌብ መጀመሪያ ዘመን ማደሪያ ውድ ነበር። ለዚህም አንዱ ምክንያት አንድ ድረ ገጽ የራሱ መለያ ቁጥር የግድ ያስፈልገው ስለነበር ነው። በ1997 የዌብ መነጋገሪያ ደንብ ሲሻሻል፣ ጠያቂው ኮምፒውተር ከቁጥሩ ጋር የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም አብሮ እንዲናገር ተደነገገ። ነገሩን በግቢ እንመስለው። አንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ተከራይ አለ፤ በሩ አንድ፣ የቤት ቁጥሩም አንድ ነው። ደብዳቤ አዳዩ ፖስታው ላይ የተከራዩ ስም ካለ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን በቀላሉ ማሳደር ተቻለ፤ ኪራዩም ለተራ ሰው ተደራሽ ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በዚያው በ1997 በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው።

ዛሬ ኪራይ ፈላጊ ድረ ገጽ ሲከፍት የሚቀርቡለት ምርጫዎች በስም ቢበዙም በመሠረቱ ሦስት ናቸው። አንደኛው የጋራ ማደሪያ ነው፤ ሰርቪስ ቤት እንደ መከራየት ያለ። ርካሽ ነው፣ ጥገናውን አከራዩ ይሠራል፤ ጎረቤት ብዙ ውኃ ሲጠቀም ግን የእኛ ቧንቧ ይደክማል። ሁለተኛው በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ ተከፍሎ የተሰጠ የራስ ክፍል ነው፤ የራሱ ቆጣሪ እንዳለው ቤት ቁጠሩት። ነጻነቱ ይበልጣል፣ መጠገኑ ግን በአብዛኛው የተከራዩ ነው። ሦስተኛው ሙሉ ሰርቨር መከራየት ነው፤ ይህ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ነው። ጽሑፍና ጥቂት ሥዕል ላላት እንደኛ ላለች ዜና መጽሔት የመጀመሪያው ከበቂ በላይ ነው። ሻጭ «ያልተገደበ ቦታ» ብሎ ቢያባብላችሁ አትቸኩሉ፤ የአንድ ዓመት የዜና መጽሔት ጽሑፍ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።

በነጻ ያደረ እንግዳ

«ነጻ ማደሪያ እያለ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ጥያቄ ከመምህራን ተነስቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከታሪክ እንውሰድ።

በ1994 ዴቪድ ቦህኔት የተባለ አሜሪካዊ ከአጋሩ ጋር የጀመረው ጂኦሲቲስ የሚባል አገልግሎት ነበር። ማንም ሰው በነጻ ድረ ገጽ እንዲከፍት ቦታ ይሰጥ ነበር። ቦታው በሰፈር የተከፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው በሰፈሩ ውስጥ የቤት ቁጥር ይሰጠዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገብቶ የቤተሰቡን ታሪክ፣ የትምህርት ማስታወሻውን፣ የሞተበትን ሰው መታሰቢያ ጻፈ። በ1999 ያሁ የተባለው ኩባንያ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ገዛው። ከዚያ ዘመኑ ተቀየረ፣ ትርፉ ቀነሰ፤ በኦክቶበር 26 ቀን 2009 ያሁ አገልግሎቱን ዘጋው። ከጃፓን ቅርንጫፉ በስተቀር ሰፈሩ በሙሉ ፈረሰ። ማስታወቂያው ከወራት በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልሰማው፣ የሞተው፣ ኢሜይሉን የቀየረው ግን ዕቃውን አላወጣም። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው የቻሉትን ያህል ቀድተው አተረፉ።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ይባል የለ? ነጻ ማደሪያም እንደዚያ ነው። መጠቀም ነውር አይደለም፤ ለልምምድማ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያለ ውል ያደረ እንግዳ ውጣ ሲባል የሚከራከርበት የለውም። እኛ ስደተኞች ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን።

ፊደላችን ያየው መከራ

ቅጂ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ያስቀመጡትን ማንበብ መቻል ሌላ ነገር ነው። የዛሬ ተማሪዎች በስልካችሁ አማርኛ ስትጽፉ ፊደሉ ሁልጊዜ የነበረ ይመስላችኋል። በ1990ዎቹ ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ለፊደሎቹ የራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው «ሰላም» በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። የአማርኛ ድረ ገጽ አንባቢ አስቀድሞ ፎንት እንዲጭን ይጠየቅ ነበር፤ አንዳንዱም ጽሑፉን እንደ ፎቶ አድርጎ ይለጥፋል። ከዚህ ያወጣን በ1999 የወጣው ዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ነው። ለግዕዝ ፊደል በዓለም ደረጃ የተስማሙበት አንድ ወጥ ኮድ ተሰጠው። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አብሮ ይዞ መጣ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ድሮ በልዩ ፎንት የተጻፈ ዕትም ያላችሁ መምህራን ወደ ዩኒኮድ ቀይራችሁ አስቀምጡት። ያለዚያ ፋይሉ ቢኖርም ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ነው።

ገመዱ በደጃችን ያልፋል

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ድሮ ባቡርና ቴሌግራፍ በጅቡቲ እንዳለፉ ሁሉ፣ ዛሬ የኢንተርኔት ገመድ በጅቡቲ ያልፋል። በሳተላይት የሚመጣው ኢንተርኔት ጥቂት ነው፤ በአህጉራት መካከል የሚመላለሰው መረጃ እጅግ አብዛኛው የሚሄደው በባሕር ውስጥ በተዘረጋ የፋይበር ገመድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋውና ከምዕራብ አውሮፓ እስከ አውስትራሊያና ጃፓን 39,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም የነበረው ሲሚዊ 3 ጅቡቲ ላይ አረፈ። በ2010 ከደቡብ አፍሪካ እስከ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው ኢሲ ተከተለ። በ2017 ከሆንግ ኮንግ እስከ ፈረንሳይ የተዘረጋው ኤኤኢ 1 ሥራ ጀመረ። በ2021 ደግሞ ጅቡቲን በሶማሊያ ጠረፍ አድርጎ ከሞምባሳ የሚያገናኘው ዳሬ 1 ተጨመረ። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ከዓለም ከምትገናኝባቸው ዋና በሮች አንዱ ይኸው የጅቡቲ በር ነው። በ2013 ደግሞ የጅቡቲ ዳታ ሴንተር ሥራ ጀመረ፤ ሰርቨሮች መብራትና ማቀዝቀዣ አግኝተው የሚያድሩበት ትልቅ ቤት ማለት ነው።

ገመዱ በደጃችን ማለፉ ግን ከአደጋ አያድንም። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ላይ ሩቢማር የተባለች መርከብ ከየመን በተተኮሰ ሚሳይል ተመታች፤ ስትንሳፈፍ መልሕቋ ሳይጎትተው አልቀረም ተብሎ በሚታመን ሁኔታ ኤኤኢ 1ን ጨምሮ የባሕር ገመዶች ተቆረጡ። ሰርቨሩ ፈረንሳይ ውስጥ ደህና ሆኖ መንገዱ ሊቆረጥ ይችላል ማለት ነው። ሌላም ምሳሌ አለ። በሰኔ 2020 መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚያ ጊዜ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ድረ ገጾች አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ሰርቨሮች ላይ በሰላም አድረዋል፤ የሀገር ቤቱ አንባቢ ግን አያገኛቸውም ነበር።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት ላይ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ አንድ ዳታ ሴንተር በእሳት ወደመ። መንገዱ ደህና ነው፤ ቤቱ ተቃጠለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ተቋረጡ። ሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀመጡት በቀናት ውስጥ ተመለሱ። «ደመና ላይ ነው ያስቀመጥነው» ብለው ቅጂ ያልያዙት ግን አልተመለሱም። ደመና የሚባለውም እንግዲህ የሚቃጠል ቤት ነው።

እኛ ምን ወሰንን?

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ለአዲሱ ድረ ገጻችን የሚከተለውን ወስነናል። ለሌሎች የካምፕ ትምህርት ቤቶችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ ስሙ በግለሰብ ኢሜይል አይመዘገብም። ለኮሚቴው አንድ የጋራ ኢሜይል ይከፈታል። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ያውቁታል፤ ታሽጎም ከትምህርት ቤቱ ሰነድ ጋር ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዱ ሲሄድ በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ይተካል፣ ቃሉም ይቀየራል።

ሁለተኛ፣ ክፍያው። አብዛኞቻችን የባንክ ካርድ የለንም፤ በውጭ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይከፍልልናል። ይህ ምንም አይደለም፤ ከፋይና ባለቤት ግን አንድ አይደሉም። የሚከፍለው ሰው ካርዱን ይስጥ እንጂ ምዝገባው በኮሚቴው ስም ይሁን። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለዚህ ነው። የአንድ «ነጥብ ኦርግ» ስም ኪራይ በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ስለጸና፣ ከ1,800 እስከ 3,600 ፍራንክ ገደማ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ረክሶ ሁለተኛው ሊወደድ ስለሚችል የእድሳቱን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለብዙ ዓመት በአንዴ ከተከፈለ ደግሞ ሰው ቢቀያየርም ስሙ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ስሙና ማደሪያው ከተለያዩ ድርጅቶች ይሆናሉ። ከአንዱ መዝጋቢ ወደ ሌላው ስንዘዋወር የሚያስፈልገን የመዘዋወሪያ ኮድ አለ፤ ቀበሌ ስንቀይር እንደሚሰጠን መሸኛ ነው። ያንን ኮድ ሊሰጡን የሚችሉት በመዝገቡ ላይ ባለቤት ሆነን ከተገኘን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ቅጂ በሦስት ቦታ ይኖራል፦ ሰርቨሩ ላይ፣ ከተማ ውስጥ በፍላሽ፣ ካምፕ ውስጥ በወረቀት። ወረቀቱን የናቃችሁ ተማሪዎች እንዳትኖሩ። ከጠፋው ድረ ገጻችን መልሰን ካገኘነው የሚበዛው በወረቀት የተረፈው ነው። ጥቂት ገጾችንም በ1996 የተቋቋመው የኢንተርኔት መዝገብ ቤት፣ ኢንተርኔት አርካይቭ፣ ሳንጠይቀው ቀድቶ አስቀምጦልን አገኘን። ድርሰቶቹ ግን አብዛኞቹ አልተገኙም።

አምስተኛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሰርቨር ላይ የማይወጣ ነገር አለ። የተማሪዎች ሮስተር፣ የስደተኛ ካርድ ቁጥር፣ የልጆች ፎቶና የመኖሪያ ቦታ አይወጣም። ሰርቨር የሰው ቤት ነው፤ አንዴ ወጥቶ የተቀዳን ነገር ማስመለስ አይቻልም። የተሰደድንበት ምክንያት ለያንዳንዳችን ይለያያል፤ ስሙ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ተማሪ ጽሑፉን ያለ ስም ማውጣት መብቱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችን ከሀገር ስንወጣ የትምህርት ማስረጃችንን ጥለን ወጥተናል። ከእኛ ከአስተማሪዎቹም ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያልጨረስን አለን፤ የተማርነውን የሚመሰክር አንዲት ወረቀት እጃችን ላይ የለችም። መዝገቡ ሌላ ሰው እጅ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ድረ ገጹ ከጠፋ በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ደውሎ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለ ስለ እናቱ የጻፈውን ድርሰት እንድንልክለት ለምኖን ነበር። እናቱ አርፋለች። የለንም አልነው። ዝም ብሎ ቆየና «እሺ ቲቸር፣ ምን ይደረጋል» አለን።

ስለዚህ የቆየ ዕትም ወይም የተማሪ ድርሰት በእጃችሁ ያለ፣ በደብተርም ሆነ በተቀደደ ወረቀት፣ እባካችሁ ለየትምህርት ቤታችሁ ተወካይ አስረክቡ። ቀድተን ዋናውን እንመልሳለን። ለዚያች ተማሪም ከዚህ በኋላ የምንሰጣት መልስ አለን፤ ድረ ገጻችን የት እንደሚያድር፣ ኪራዩ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ በክፍሉ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።